ስልኩ የእኛ፣ ቁልፉ የሰው

ደሴ ላይ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሠራ ሰው የከተማውን ጉድ ሳይጠይቅ ይሰማል። አንዱ ፋይዳ ሊያሳትም ይመጣል፣ ሌላዋ ለኮምቦልቻ ፋብሪካ ሲቪ ልታስጽፍ፣ ሦስተኛው «ቴሌግራሜ ተጠልፏል፣ እስቲ እየው» ብሎ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። ብዙው ጣጣ ቴክኖሎጂው ከመክበዱ የመጣ አይመስለኝም። የራስን ነገር ለሌላ ሰው እጅ ከመስጠት ነው የሚመጣው፤ ሞባይል ቤት ላለው ልጅ፣ ለደላላ፣ አንዳንዴም ጭራሽ ለማያውቁት ደዋይ። በተደጋጋሚ የማያቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ። ሁሉም እኩል አይከብዱም፤ የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ጂሜልን ሞባይል ቤት ማስከፈት

አዲስ ስልክ ሲገዛ ነገሩ እንዲህ ነው የሚሄደው። ሻጩ ሲሙን ይከታል፣ ቋንቋ ይመርጣል፣ ከዚያ «ጂሜል አለዎት እትዬ?» ይላል። «ኧረ እኔ ምኑን አውቄው የኔ ልጅ፣ አንተው አድርግልኝ!» ልጁ ወዲያው ይከፍታል። ፓስወርዱን አይነግራቸውም፣ እሳቸውም አይጠይቁም። አንዳንዱ ሻጭ ጊዜ ለመቆጠብ ለደንበኛ ሁሉ ያንኑ ፓስወርድ ይሰጣል፤ ይባስ ብሎ አንድ ጂሜል በየሰው ስልክ ላይ የሚያስገባም አለ። የሆነው ሆኖ ስልኩ ይሠራል፣ ኢሞ ይጫናል፣ ጅዳ ካለችው ልጃቸው ጋር በዚያው ማታ ፊት ለፊት ያወራሉ። ሁሉም ደስ ብሎት ይለያያል።

ጣጣው የሚመጣው ቆይቶ ነው። ፓተርኑ ይረሳል ወይም ስልኩ እየቆመ ያስቸግርና ጥገና ቤት ይደመሰሳል። ከአንድሮይድ 5.1 ወዲህ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ፣ እንዲህ በግድ የተደመሰሰ ስልክ ሲነሳ በፊት የነበረበትን የጉግል አካውንት ይጠይቃል። አይፎንም እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ተመሳሳይ መቆለፊያ አለው። የተሠራው ለሌባ ነው፤ የሰረቀውን ስልክ ደምስሶ እንዳይሸጥ። ስልኩ ባለቤቱን ከሌባው የሚለየው በዚያ አካውንት ስለሆነ፣ ፓስወርዱን የማያውቅ ባለቤት በስልኩ ዓይን ሌባ ነው።

ያን ጊዜ ጂሜሉን የከፈተው ልጅ የት ይገኛል? አዲስ አበባ ሄዷል፣ ወይም ሳዑዲ ገብቷል፣ ሱቁም ጁስ ቤት ሆኗል። አካውንቱ የተከፈተው በልጁ ስልክ ቁጥር ከሆነ፣ ጉግል የማረጋገጫ ኮዱን የሚልከው ለእሱ ነው። መቆለፊያውን የሚያልፍ ባለሙያ ከተማው ውስጥ አይጠፋም፤ ስልኩ ይከፈታል። ጉግል ላይ የነበረው ፎቶና የተመዘገበው ስልክ ቁጥር ግን እዚያው ይቀራል። ሰው ሲያለቅስ የማየው በስልኩ ዋጋ አይደለም። የሟች አባት ፎቶ፣ ዓረብ አገር ያለች እናት ስትልክ የኖረችው የልጆች ቪዲዮ፣ ይህ ነው የሚያስለቅሰው።

ስለዚህ አካውንቱን በራሳችሁ ስልክ ቁጥር ክፈቱ፣ ፓስወርዱንም በራሳችሁ ጣት ጻፉት። ከዚያ ኢሜሉንም ፓስወርዱንም ወረቀት ላይ አስፍራችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት። ባለሙያዎች ፓስወርድ ወረቀት ላይ አይጻፍም ይላሉ። ለቢሮ ሠራተኛ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሆጤ ለምትኖር እናት ግን አልስማማበትም። ባሕር ማዶ ያለ ጠላፊ የእሳቸውን ቁም ሳጥን አይበረብርም። እሳቸውን የሚያሰጋቸው መርሳት ነው።

አካውንቱ ቀድሞ በሰው እጅ የተከፈተ ከሆነ አብሽር፣ ስልኩ እየሠራ እያለ መፍትሔ አለው። በራሳችሁ ቁጥር አዲስ አካውንት ከፍታችሁ ስልኩ ላይ ጨምሩት፣ ስልክ ቁጥሮቹንና ፎቶዎቹን ወደ አዲሱ አዛውሩ፣ ከዚያ የድሮውን አውጡት። ዛሬ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ስልኩ ከተደመሰሰ በኋላ ግን የማይሆን ነገር ነው።

ሌላም አለ። ጉግል ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተነካ አካውንት መሰረዝ ጀምሯል፤ ደንቡ ከ2016 ዓ.ም. ኅዳር ወዲህ በሥራ ላይ ነው። ቤይሩት ወይም ሪያድ ሄዳችሁ በሌላ አካውንት የምትኖሩ ከሆነ፣ የድሮውን አልፎ አልፎ ግቡበት።

ዲቪ ያስሞሉ ሰዎችም የሚወድቁት እዚሁ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ሞይው ቅጹ ላይ የራሱን ኢሜል ያስገባል፣ የማረጋገጫ ቁጥሩንም እሱ ይይዘዋል። ዕጣው የወጣለትን ሰው ማንም ደውሎ አይነግረውም፤ ውጤቱ የሚታየው ድረ ገጹ ላይ በዚያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ቢጠፋ ለማግኘትም የተሞላበት ኢሜል ይጠየቃል። ስለዚህ ውጤቱን ከእናንተ ቀድሞ የሚያየው ሞይው ነው፤ ቀጥሎ ምን ያህል እንደሚጠይቃችሁ እሱ ያውቃል። የማረጋገጫ ቁጥሩ ያለበትን ገጽ ሳያትምላችሁ ከወንበሩ አትነሱ።

ኮድን ለሰው ማንበብ

ቴሌግራም የሚጠለፈው በረቀቀ ጥበብ ነው የሚል ብዙ ሰው አለ። በሩን የሚከፍተው ግን አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ነው። ከሚያውቁት ሰው፣ አብሮ ከተማረ ልጅ ወይም ከጎረቤት፣ «የእህቴ ልጅ ውድድር ላይ ናት፣ እባክሽ ድምፅ ስጪልኝ» የሚል መልእክት ከነሊንኩ ይመጣል። ሊንኩ መጀመሪያ ስልክ ቁጥር፣ ቀጥሎ ቴሌግራም የላከውን ባለ 5 አሃዝ ኮድ ይጠይቃል። ኮዱ ሲገባ የተሰጠ ድምፅ የለም፤ አካውንታችሁ ሌላ ሰው ስልክ ላይ ተከፈተ። ጓደኛችሁም ቢሆን መልእክቱን አልላከውም፤ የእሱም አካውንት በዚያው መንገድ ተወስዶ ነው። ከሰዓታት በኋላ ለዘመድ ሁሉ «ቸግሮኝ ነው፣ 5,000 ብር እስከ ነገ» የሚል ይበተናል። የወሎ ዘመድ ደግሞ ሲቸግር ሳይጠይቅ የሚልክ ነው።

እንዲህ ከሆነ ወደ ጥገና ቤት አትሩጡ። ቴሌግራም አዲስ የገባ ስልክ ለመጀመሪያው 24 ሰዓት ሌሎቹን እንዲያስወጣ አይፈቅድም። ሌባው በዚያ ቀን እናንተን ማባረር አይችልም፤ እናንተ ግን እሱን ትችላላችሁ። ሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስስ የሚለውን ክፈቱና ከራሳችሁ ስልክ በቀር ሁሉንም አስወጡ። ወዲያው ባለ ሁለት ደረጃ ፓስወርዱን አብሩት፤ ያኔ ኮዱን ብቻ የያዘ ሰው አይገባም። ፓስወርዱ ሲረሳ ማስታወሻ የሚላክበት ኢሜልም ይጠየቃል። እሱም የሞባይል ቤቱ ልጅ ጂሜል እንዳይሆን!

በስልክ የሚመጣው ደግሞ «ከባንክ ነው»፣ «ከቴሌ ነው»፣ «ሽልማት ደርሶዎታል» የሚለው ነው። አነጋገራቸው የተማረ ሰው ነው፣ ስማችሁንም ይጠሩታል። አንድ ነገር ብቻ ያዙ፦ እውነተኛ ሠራተኛ የሚስጥር ቁጥርም ሆነ የደረሳችሁን ኮድ አይጠይቅም። ዝጉት። ደዋዩ ቅር ይለው ይሆን ብላችሁ አትጨነቁ።

የስልኩን ቀን በእኛ አቆጣጠር መሙላት

ይህ የእኛ ብቻ ስህተት ነው፤ የውጭ አገር መምሪያ ላይ አታገኙትም። «ኢንተርኔት አልከፍት አለኝ» የሚል ሰው ይመጣል። ፓኬጅ አለው፣ ኔትወርኩ ሙሉ ነው፣ ገጽ ሲከፍት ግን «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ይለዋል፤ ዋትሳፕም የስልክዎ ቀን ትክክል አይደለም ይላል። ቀኑን ሳየው ዓመተ ምሕረቱን በኢትዮጵያ አስገብቶታል። እያንዳንዱ ድረ ገጽ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሚሠራ የምስክር ወረቀት አለው። ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ የቀረ ስልክ ወረቀቱ ገና ያልተሰጠ ይመስለዋልና አላምንም ይላል። ሰዓቱን በስድስት ሰዓት ወደኋላ የሚመልሱትም በሌላ መንገድ ይሳሳታሉ፤ የቀጠሮና የመልእክት ሰዓታቸው ሁሉ ይዛባል። ስልኩ ራሱ ከኔትወርኩ ይውሰድ፤ የእኛን ቀንና ሰዓት የሚያሳይ አፕ ለብቻው ይጫን።

የረመዳን ሰሞን ሌላ ጉድ አለ። ለሱሑር 10 ሰዓት ሌሊት ለመነሳት ማንቂያውን 10፡00 ላይ ይሞሉታል። ስልኩ የሚጮኸው ረፋድ 4 ሰዓት ላይ፣ ቤተሰቡ ሳይበላ ጾሙን ከጀመረ በኋላ ነው። መሞላት የነበረበት 4፡00 ነው፣ ያውም ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚለው ተመርጦ።

ኮምቦልቻ ላይ ነገሩ እንጀራ ያሳጣል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥም ሆነ ውጪ ባሉ ፋብሪካዎች የውጭ አገር ኃላፊ በዋትሳፕ «ነገ 8፡00 ለፈተና ና» ብሎ ይልካል። ልጁ ከደሴ ተነስቶ፣ ሐረጎን ወርዶ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በር ላይ ይቆማል። ፈተናው ያለቀው ጠዋት ነው። ከፈረንጅ የመጣ ሰዓት ሁሉ ላይ «ጠዋት ነው ከሰዓት?» ብሎ መልሶ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ከእኛ ለእኛ ስንጽፍም «ጠዋት 2 ሰዓት» ብለን ጠዋቱን እንጨምርበት።

የልደት ቀን መቀየር ላይም «8 ደምርበት» የሚል ፈጣን ምክር በየወረፋው ይሰማል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ለተወለደ 7 ነው የሚደመረው፤ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8። ሚያዝያ 15 ቀን 1990 የተወለደ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 23 ቀን 1998 ነው፤ ኅዳር 1990 የተወለደ ግን 1997 ላይ ነው የሚያርፈው። በዘመነ ዮሐንስ፣ ገና ታኅሣሥ 28 በሚውልበት ዓመት፣ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ያለው ቀን በአንድ ይገፋል፤ ከፊቱ ያለው ዓመት ጳጉሜን 6 ስለሚያደርጋት ነው። አንዴ ፋይዳ ላይ የገባ ቀን ፓስፖርቱንም፣ ባንኩንም፣ የትምህርት ማስረጃውንም ተከትሎ ይሄዳል፤ ለማስተካከል የሚጠፋው ጊዜ ቆጥሮ ከመጻፍ እጅግ ይበልጣል።

ስምም እንደዚሁ ነው። መሐመድ፣ ሰዒድ፣ ዘይነባ በእንግሊዝኛ ፊደል በብዙ ዓይነት ይጻፋሉ። አሥረኛ ክፍል ላይ አንድ ዓይነት፣ ባንክ ላይ ሌላ፣ ፋይዳ ላይ ሦስተኛ ዓይነት ከሆነ፣ ሰው «ያው ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ኮምፒውተሩ ግን ፊደል በፊደል ስለሚያመሳክር ሦስት ሰው ያደርጋችኋል። ከሁሉ ቀድሞ የወጣውን ሰነድ ይዛችሁ ሂዱና ከእሱ ላይ እየገለበጣችሁ አስሞሉ።

ስክሪንሾት አይቶ ዕቃ መስጠት

ቴሌብር ከጀመረ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ኑሯችን ተቀይሯል። ሰኞ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጠውም፣ ባጃጅ ነጂውም ስልክ ቁጥሩን ይሰጣል። መልካም ነው፣ እኔም ወደድኩት። የማልወደው ሻጩ አንገቱን አስግጎ የገዢውን ስልክ ማየቱን ነው። «ይኸው ሐጂ፣ ገብቷል» ይባላል፣ አረንጓዴ ምልክት ያለው ደረሰኝ ይታያል፣ ዕቃው ይሄዳል። ደረሰኝ የሚመስል ምስል መሥራት ለአንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ከባድ አይደለም። የትናንቱን ስክሪንሾት ዛሬ ማሳየት ደግሞ ምንም አይጠይቅም።

መታየት ያለበት የሻጩ ስልክ ነው፤ ያውም መልእክቱ ብቻ ሳይሆን ቀሪ ሂሳቡ። ባንክ የላከው መስሎ ከተራ የሞባይል ቁጥር የሚመጣ መልእክት አለ። ዳታ ካለቀባችሁ ለቴሌብር *127# ወይም የንግድ ባንክ ከሆነ *889# ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ገዢው ይጠብቅ። ያገራችን ሰው «አላመነኝም» እንዳይባል ይሉኝታ ይይዘዋል። ሂሳቡን ለሁሉም ደንበኛ የምታዩ ከሆነ ማንም አይቀየማችሁም፤ የምትመርጡ ከሆነ ነው ቅሬታው።

ቀጥሎ የሚመጣው «በስህተት ብር ላክሁልህ፣ መልስልኝ» ነው። መጀመሪያ የሐሰት መልእክት፣ ከዚያ የሚያለቅስ ደዋይ። ሂሳባችሁን እዩ፤ ካልገባ ነገሩ አለቀ። ከገባም በራሳችሁ መልሳችሁ አትላኩ፤ ላኪው ባንኩን ወይም ድርጅቱን ይጠይቅ፣ እናንተም ለእነሱ መልሱ። የራስ ያልሆነ ብር ሂሳብ ውስጥ ስለተገኘ የራስ እንደማይሆን አገር ያየው መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። የንግድ ባንክ ሲስተም ተዛንፎ ሰው ከሌለው ሂሳብ ሲያወጣ አደረ፤ ባንኩም ያልመለሱትን ስማቸውንና ፎቷቸውን ለጠፈ። እያንዳንዷ ዝውውር ስም አላት።

ፍላሹ «ባዶ ነው» ሲል ፎርማት ማድረግ

የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ በሚያስረክቡበት ሰሞን በየቀኑ የማየው ነው። ፍላሹ ሲከፈት ፋይሎቹ የሉም፣ አንድ ሾርትከት ብቻ ተቀምጧል። ልጁ ይደነግጣል፣ ሾርትከቱን ደጋግሞ ይጫነዋል፤ በእያንዳንዱ ጠቅታ ቫይረሱን ወደ ኮምፒውተሩ እያስገባ ነው። ከዚያ አንድ አዋቂ «ፎርማት አድርገው» ይለዋል። እዚህ ላይ ነው ጽሑፉ በእውነት የሚጠፋው።

ፋይሎቹ እስከዚያ ድረስ አልጠፉም፤ ተደብቀዋል። የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለው ምርጫ ብቻውን አይበቃም፤ ቫይረሱ የሲስተም ፋይል አስመስሎ ስለሚደብቃቸው ከታች ያለውን የተጠበቁ የዊንዶውስ ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን ምልክትም ማንሳት ያስፈልጋል። ያኔ ሁሉም ደብዘዝ ብሎ ይወጣል። ወደ ጤነኛ ኮምፒውተር ገልብጡ፣ ፎርማቱ ከዚያ በኋላ ነው።

ቫይረሱን የሚያዛምቱት የእኛ ዓይነት ቤቶች እንደሆኑ መደበቅ አይቻልም፤ በቀን የስንቱ ሰው ፍላሽ ነው የሚሰካው! ፋይሉን በቴሌግራም መላክ ይሻላል። ግን ለማውረድ ብላችሁ የራሳችሁን ቴሌግራም በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ እንዳትሄዱ። ከእናንተ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው ከእጮኛችሁ ጋር ያወራችሁትን ሁሉ ያነብባል። ለጽሕፈት ቤቱ አካውንት ላኩለትና እሱ ያውርደው።

የአማርኛ ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ከመላካችሁ በፊት ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩት። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚያነብቡት የፊደል ኮድ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ሆኖም እስከ ዛሬ በአሮጌ ፎንት የሚተይብ ቢሮ አለ። ፓወር ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መተየቢያ ላይ ዩኒኮድ የሚለውን ሳይመርጡ የጻፉት ደብዳቤ፣ ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የነጥብ ክምር ይሆናል። ጨረታ በዚህ የወደቀበት ሰው ሰምቻለሁ።

ሁሉን ነገር አንድ ቦታ ማስቀመጥ

ይህን የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ከማንም በላይ ማወቅ ነበረበት። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ከተሞቹ በጦርነቱ ሲያዙ፣ እስከ ኅዳር 27 ድረስ በነበሩት ሳምንታት፣ ስንት ሱቅና ቢሮ ከነኮምፒውተሩ ተዘረፈ። ያን ጊዜ ሰው የተማረው «ኮምፒውተር ላይ ብቻ አታስቀምጥ፣ ኦንላይን አድርገው» የሚለውን ነው። ከዚያ በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠና ወራት ቆየ። ኦንላይን ያስቀመጠው ደግሞ ዲፕሎማው እያለው ሳይኖረው ከረመ።

ከሁለቱ ጊዜ የምንወስደው አንድ ነው፦ ሁለት ቦታ፣ አንዱ ኢንተርኔት የማይፈልግ። ዲፕሎማ፣ የቤት ካርታ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የንግድ ፈቃድ፣ የጋብቻ ውል ስካን ተደርጎ ጉግል ድራይቭ ላይ ይቀመጥ፤ 15 ጊጋባይቱ ነጻ ነው፣ ለሰነድ ከበቂ በላይ ነው። ያው ቅጂ ፍላሽ ላይ ሆኖ ከእናንተ ጋር ከማይኖር ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ፤ እናንተ ደሴ ከሆናችሁ አዲስ አበባ። ቴሌግራም ላይ ለራስ መላክ ደግሞ መቼም የሁላችን ልማድ ነው። መጥፎ አይደለም፤ ብቸኛው ቦታ ከሆነ ግን አካውንቱ ሲጠለፍ ሰነዱም አብሮ ይሄዳል።

መብራት እንደመጣ ሁሉንም መሰካት

አጭር ነው። መብራት ሲሄድ ማከፋፈያውን ንቀሉ፤ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ታገሡ። ዕቃ የሚያቃጥለው መሄዱ ሳይሆን ሲመለስ የሚመጣው ከፍና ዝቅ ነው። ፍሪጅ ቶሎ ቶሎ ጠፍቶ ሲበራ ሞተሩ ይጎዳል። ክረምት ላይ ጦሳ ተራራ አናት ላይ መብረቅ ሲጀምር የቴሌቪዥኑን አንቴናም ጭምር ንቀሉ። ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየውን ባትሪ፣ የገዛችሁ ደግሞ፣ ጽሑፋችሁን አስቀምጣችሁ እስክትዘጉ ነው የተሠራው። ፊልም ለመጨረስ አይደለም።

ከቴሌግራም ቻናል ኤፒኬ (የአፕ መጫኛ ፋይል) ማውረድ

«ነጻ ዋትሳፕ»፣ «ነጻ ዳታ»፣ «ስልክ የሚያጸዳ»። ስልክ ሞልቶ ሲንቀራፈፍ ክሊነር የሚባለውን ይጭናሉ፤ እሱ ራሱ ማስታወቂያ እያመጣ ይበልጥ ያንቀራፍፈዋል። ስልካችሁን የሞላው አብዛኛውን ጊዜ ቴሌግራም በራሱ የሚያወርደው ቪዲዮ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ዳታና ማከማቻ የሚለው ላይ ራስ ሰር ማውረዱን አጥፉት፤ ፓኬጃችሁም ይበረክታል። ከፕሌይ ስቶር ውጪ የመጣ አፕ መልእክት ላንብብ ብሎ ሲጠይቅ ከፈቀዳችሁለት የባንክ ኮዳችሁን አብሯችሁ ያነብባል። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ መጻፍ አያስፈልግም፤ አትጫኑት።

ማመልከቻን ለቻትጂፒቲ ሰጥቶ ሳያነብቡ ማተም

ማስጻፉን አልቃወምም። ድሮም ማመልከቻ የሚጻፈው በራፖር ጸሐፊ ነበር። ራፖር ጸሐፊው ግን የቢሮውን ደንብ ያውቅ ነበር። ይህኛው «ውድ ሥራ አስኪያጅ» ብሎ ይጀምራል፣ የ«ጉዳዩ» መስመር ይረሳል፣ መጨረሻ ላይ «ስምዎን እዚህ ያስገቡ» የሚል ትቶ ይሄዳል። እንዲሁ ታትሞ፣ ተፈርሞ፣ መዝገብ ቤት የገባ አይቻለሁ።

የባሰው ሕግ ሲጠቅስ ነው። ከኮምቦልቻ የፋብሪካ ሠራተኞች አቤቱታ ያስጽፋሉ፤ የዓመት ፈቃዳቸው ተከልክሎ ይሆናል። አሁን የሚሠራው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፤ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። የተሻረው አዋጅ 377/1996 የሚሰጠው 14 ነበር። ማሽኑ ሁለቱን ቢያደባልቅ፣ ወይም የሌለ አንቀጽ ቢፈጥር፣ አነጋገሩ ያው እርግጠኛ ነው። የአሠሪው ጠበቃ ያንን አንድ መስመር ይዞ ሙሉውን አቤቱታ ያጣጥለዋል። አዋጁን ከቴሌግራም ወይም ከድረ ገጽ አውርዳችሁ አንቀጹን በዓይናችሁ እዩት። የሰው የሕክምና ወረቀትና መታወቂያ ፎቶ አንስቶ ለእሱ መስጠትም ልክ አይደለም፣ በተለይ የሌላ ሰው ሲሆን።

የቅሬን መልእክት ለቴሌግራም ብቻ መተው

ይህ አዲስ ነው፣ ሰሞኑን እየበዛ ነው። የሰፈር ቅሬ፣ ማለትም እድሩ፣ የቴሌግራም ግሩፕ ይከፍታል። መጀመሪያ ለቀብርና ለመዋጮ ብቻ ነበር። ከዚያ የጁምዓ መልካም ምኞት፣ የበዓል ካርድ፣ የቤት ኪራይ ማስታወቂያ፣ የጠፋ ፍየል ፎቶ ይገባበታል። ሰው ሲሰለቸው ድምፁን ያጠፋዋል። አንድ ቀን ሞት ይለጠፋል፤ ግማሹ አባል ድምፅ ያጠፋ ነው፣ ሌላው ፓኬጅ የለውም፣ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ያላቸው ቁልፍ ስልክ ነው። ቀብር ላይ ያልተገኘ ሰው ይቀጣል፣ ከቅጣቱ በላይ ደግሞ ለቅሶኛው ይቀየመዋል።

ጸሐፊ ለሆናችሁ፦ ለሐዘን ብቻ የሚሆን ሌላ ግሩፕ ክፈቱ፤ መለጠፍ የሚችለው ጸሐፊውና ዳኛው ብቻ ይሁን፣ ይህ በግሩፑ ፈቃዶች ውስጥ የሚስተካከል ነው። ቁልፍ ስልክ ላላቸው የሚደውል አንድ ወጣት በየመንደሩ ይመደብ። መልእክቱን በድምፅ አትላኩት፤ አራት ደቂቃ ሐዘን ከሰማን በኋላ ነው ቀብሩ የት እንደሆነ የሚነገረን። የመጀመሪያው መስመር ላይ የሟች ስም ከነአባት፣ የማን ቤት እንደሆነ፣ መስጊዱ ወይም ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር፣ ጠዋት ወይም ከሰዓት ተብሎ ይጻፍ። «ነፍስ ይማር» እና «አላህ ይዘንላቸው» ከሥሩ ይከተላል።